ጦር፦ የታሪክ ባለሟል፣ የልብ ወለድ እንጀራ ልጅ

ንጉሥ አርተር ኤክስካሊበር የተባለ ሰይፍ አለው። በጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ አራጎርን አንዱሪልን ታጥቆ ይዘምታል፤ ቁመቱ ከሕፃን ልጅ የማይበልጠው ፍሮዶ እንኳ ስቲንግ የተባለ ስለት ከዘመዱ ተቀብሏል። በምናባዊ ጀብዱ ድርሰቶች ዓለም ሰይፍ ስም ይወጣለታል፣ የትውልድ ሐረግ ይቆጠርለታል፤ ሲመዘዝም ያበራል። ጦር ግን በየበሩ የቆሙ ዘበኞች የሚደገፉት እንጨት ነው። ዋናው ጀግና ሲደርስ ከነያዡ ይወድቃል።

የእውነተኛው ታሪክ ሚዛን ያጋደለው ወደ ሌላው ወገን ነው። ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ ባሩድ እስኪነግሥ ድረስ በአብዛኛው ዓለም የእግረኛውም የፈረሰኛውም ዋና መታመኛ ጦር ነበር። ሰይፍ ብዙውን ጊዜ ጦሩ ሲሰበር፣ ሲወረወር ወይም ጠላት አፍንጫ ሥር ሲደርስ የሚመዘዝ ተጠባባቂ ነው። ታዲያ ጦር በሜዳ ያገኘውን ክብር በመጽሐፍ ገጽ ላይ ለምን አጣ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያሻል። ጦር ጉልበቱን የሚያገኘው ከሁለት ነገር ነው፤ ከጠላት በሚጠብቀው ርቀትና ከያዡ ጎን ከሚቆመው ሰው። ልብ ወለድ ደግሞ ሁለቱንም እምብዛም አይወድም።

ርቀት የሚገዛው ነገር

ከርቀቱ እንጀምር። አንድ ሜትር ገደማ ሰይፍ የያዘ ሰው፣ ሁለት ሜትር ተኩል ጦር የያዘን ሰው ለመምታት ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል መሬት ማቋረጥ አለበት። በዚያች መሬት ላይ እያለ መምታት የሚችለው ባለጦሩ ብቻ ነው። ባለጦሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ባለ ቁጥር ደግሞ ሰይፈኛው ያንኑ መንገድ እንደገና ይጀምራል። የጦር ውጊያ ጥበብ በአመዛኙ ይህችን የመሬት ቁራጭ ላለማስደፈር የሚደረግ ትግል ነው።

ጦር ዝግታ ያለበት የሚመስለው ከርዝመቱ የተነሣ ነው፤ በእጅ ሲያዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሁለት እጅ ሲያዝ የፊተኛው እጅ አቅጣጫ ያስይዛል፣ የኋለኛው ይገፋል። የኋለኛው እጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ሲል ጫፉ ብዙ እጥፍ ይጓዛል። ፊት ላይ ያነጣጠረው ስለት ተከላካዩ ጋሻውን ሲያነሣ ወዲያው ጭን ላይ ይገኛል። የሚወጋው ጫፍ ጠባብ ስለሆነም የክንድና የሰውነት ክብደት በሙሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል።

በዚህ ላይ ዋጋው አለ። የጦር ብረት ትንሽ ናት፤ የቀረው እንጨት ነው። ሰይፍ ግን ብዙ ብረት ይበላል፣ አንጥረኛውንም ይፈትናል፤ ረጅም ስለት አፉ እንዲጠነክር፣ ወገቡ ደግሞ እንዳይሰበር ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። በአንድ ሰይፍ ብረት ብዙ ሰው ባለጦር ማድረግ ይቻላል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ጉዞ መምሪያ» ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ብረትን ይጠቅሳል። አገልግሎቱንም ሲናገር ዝሆንና ሌሎች አራዊት ለማደን፣ ለውጊያም የሚሆን ጦር ይሠራበታል ይላል። በአክሱም መንግሥት ደጃፍ ከባሕር ማዶ የመጣው ብረት መዳረሻው የጦር ጫፍ ነበር ማለት ነው።

ለዚህም ነው ጦር የሰው ልጅ ጥንታዊ ጓደኛ የሆነው። በእንግሊዝ አገር ክላክተን በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1911 የተገኘው የሾለ እንጨት ወደ 400,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ይሰጠዋል። በጀርመን ሼኒንገን ከሚገኝ የድንጋይ ከሰል ማውጫ በ1990ዎቹ የወጡት ጦሮች ከ200,000 እስከ 300,000 ዓመት ያስቆጠሩ ሲሆን ከፈረስ አጥንቶች ጋር ተገኝተዋል። ጠራቢዎቹ ጫፉን ያወጡት ከግንዱ ሥር በኩል፣ እንጨቱ ከሚጠነክርበት ወገን ነው። ለስላሳው የእንጨት እምብርትም ጫፉ ላይ እንዳይውል ወደ ጎን አሽሽተውታል። ከብረት ቀርቶ ከመዳብም እጅግ ቀድሞ የዕደ ጥበብ ዕውቀት ነበር ማለት ነው። በእኛው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በገደሞታ የተገኙ የባልጩት ጫፎች አሉ። በ2013 የታተመ ጥናት የስብራታቸውን ምልክት መርምሮ ከ279,000 ዓመት በፊት የተወረወሩ ጦሮች ጫፍ እንደነበሩ አመልክቷል።

ከጎን ያለው ሰው

ብቻውን የቆመ ባለጦር ችግር አለበት። ጠላቱ አንዴ ጫፉን ካለፈ ረጅሙ እንጨት ሸክም ይሆናል። ለዚህ ችግር ታሪክ ያገኘው መድኃኒት ሌላ ባለጦር ከጎኑ ማቆም ነው። አንዱን ጫፍ ያለፈ ሰው የሁለተኛውና የሦስተኛው ጫፍ ይጠብቀዋል።

የጥንት ግሪኮች ይህን ወደ ሥርዓት ቀየሩት። ሆፕሊት የሚባለው እግረኛ በቀኝ እጁ ከሁለት እስከ ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝም ጦር፣ በግራ ክንዱ ደግሞ ክብ ትልቅ ጋሻ ይይዝ ነበር። የጦሩ ታች ጫፍም ብረት አለበት፤ ጦሩን መሬት ላይ ለመትከል ይረዳል፣ ፊተኛው ቢሰበርም በዚያው መውጋት ይቻላል። ጋሻው በግራ ክንድ ስለሚያዝ ግማሹ የሚከልለው የራስን አካል ሳይሆን በግራ በኩል የቆመውን ሰው ቀኝ ጎን ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ418 ስለተደረገው የማንቲኔያ ውጊያ ሲተርክ፣ ሰልፎች ሁሉ ሲጓዙ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብሉ ልብ ይላል። እያንዳንዱ ወታደር ያልተከለለ ጎኑን ወደ ጎረቤቱ ጋሻ ሲያስጠጋ ሠራዊቱ በሙሉ ሳይታወቀው ይንሸራተታል።

የመቄዶንያው ዳግማዊ ፊልጶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ359 ጀምሮ ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደው። ሳሪሳ የሚባለው የእሱ ጦር ከአራት ሜትር ተኩል እስከ ስድስት ሜትር ይደርስ ስለነበር ሁለት እጅ ይፈልጋል። ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢየስ እንደሚነግረን የአምስት ረድፍ ወታደሮች ጫፍ ከፊተኛው ሰው አልፎ ይወጣ ነበር። ከፊት የሚመጣ አንድ ጠላት በአንድ ጊዜ በርካታ ጫፎች ይገጥሙታል። ታላቁ እስክንድር ከአባቱ የወረሰው ይህን ሰልፍ ነው።

ይሁን እንጂ ረጅሙ ጦር ደካማ ጎኑን ይዞ ነው የተወለደው። ሰልፉ ፊት ለፊት ሲታይ አይደፈርም፤ ጎኑና ጀርባው ግን ባዶ ነው። ስድስት ሜትር እንጨት የያዘ ሰው በቶሎ አይዞርም፤ ዙሪያው ያሉ እንጨቶችም አያዞሩትም። ሜዳው ኮረብታና ጉድጓድ ሲኖረው ረድፉ ይቀደዳል። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ197 በኪኖስኬፋላይ ኮረብቶች፣ በ168 ደግሞ በፒድና የመቄዶንያን ሰልፍ የሰበሩት በእንዲህ ያሉት ደካማ ጎኖች ገብተው ነው። ውስጥ ከገቡ በኋላ አጭሩ የሮማ ሰይፍ ተራው ደረሰ። በስኮትላንድም እንዲሁ ነው። በ1298 በፋልከርክ ተጠጋግተው የቆሙት የዊሊያም ዋላስ ባለጦሮች በእንግሊዝ ቀስተኞች ናዳ ሳሱ፤ ፈረሰኛው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ1314 በባኖክበርን ግን የሮበርት ብሩስ ባለጦሮች ወደፊት ገፍተው የእንግሊዝን ባላባት ፈረሰኞች በጠባብ ረግረግ መካከል አጣበቧቸው። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው መሬቱና አዛዡ ነው።

የጦር ሰልፍ ሌላው ጠላት ፍርሃት ነው። አንዱ ከረድፉ ሲሸሽ የጎረቤቱ ጎን ይገለጣል፤ ያም ሲሸሽ የሚቀጥለው ይገለጣል። «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» የሚለው ብሂላችን የቆየ የሰልፍ ልምድ ያዘለ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚያልቀውም ሰልፍ ለሰልፍ ሲገፋፋ ሳይሆን አንደኛው ወገን ተፈትቶ ጀርባውን ሲሰጥ ነው።

የሚወረወርና የሚወጋ

ጦር ሁሉ ረጅም፣ ባለጦር ሁሉ በሰልፍ የተቸከለ አልነበረም። የሮማው እግረኛ ቀጭን ረጅም የብረት አንገት ያለው የውርወራ ጦር ይይዝ ነበር። ጋሻ ከወጋ አንገቱ ተከትሎ ይገባል፤ ያ ጋሻ ከዚያ ወዲያ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው። የከርከሮ አዳኞች ጦር ደግሞ ከስለቱ ሥር መስቀለኛ ብረት ነበረው፤ የተወጋው አውሬ በንዴት እንጨቱን ይዞ ወደ አዳኙ እንዳይገፋ ያግደዋል። በደቡባዊ አፍሪካ በ1828 የሞተው የዙሉ ንጉሥ ሻካ አጭር እጀታና ሰፊ ስለት ያለው የመውጊያ ጦር እንዳስፋፋ ይነገርለታል። ከጦሩ ጋር በፍጥነት የመክበብ ሥልት አብሮ ነበር። የዙሉ ሠራዊት እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1879 በኢሳንድልዋና ዘመናዊ ጠመንጃ ከታጠቀው የእንግሊዝ ወገን ከ1,300 በላይ ሰው ገደለ። ዙሉዎቹም በሺህ የሚቆጠር ሰው አጥተዋል፤ ጠመንጃም ነበራቸው፤ ውጊያውን የወሰነው ግን የከበባው ፍጥነትና አጭሩ ጦር ነው።

በእኛ አገር የተለመደው የፈረሰኛ ውጊያ ከግሪኮቹ ግፊያ ይልቅ ወደ ውርወራ ያደላ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም የመጣው የቢዛንታይን መልእክተኛ ያየውን ዮሐንስ ማላላስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ አቆይቶልናል። ንጉሡ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆሞ ትንሽ በወርቅ የተለበጠ ጋሻና ሁለት በወርቅ የተለበጡ ጦሮች ይዞ ነበር። ሊቃውንት ይህ ንጉሥ ካሌብ ነው ይላሉ። ግርማውን ለእንግዳ ለማሳየት የመረጠው ጦርና ጋሻ መሆኑ ልብ ይባል። የጉግስ ጨዋታም የዚሁ ልምድ ቅሪት ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው አሳዳጁ በግልቢያ ላይ ዘንግ ይወረውራል፣ ተሳዳጁ ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ዘንጉን በጦር ተክታችሁ ብታስቡት ጨዋታው ሙሉ የውጊያ ልምምድ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ባሩድ የመጣ ዕለት ጦር ወዲያው አልጠፋም። በአውሮፓ ጠመንጃ ለማጉረስ ጊዜ ይፈጅ ስለነበር ተኳሹን ከፈረሰኛ የሚጠብቅለት ባለረጅም ጦር ከጎኑ ይቆም ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጠመንጃው አፉን ሳይደፍን ሳንጃ መሸከም ሲችል አንዱ ወታደር የሁለቱንም ሥራ ያዘ፤ ሳንጃ የተሰካበት ጠመንጃ ያው አጭር ጦር ነውና። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የዘመተው ሠራዊትም አብዛኛው ጠመንጃ ቢይዝም ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ ብቻ ይዞ የተሰለፈው በርካታ ነበር።

ሰይፍ ዝናውን ከየት አመጣው

እንግዲህ ጦር ይህን ያህል ካገለገለ ሰይፍ እንዴት ቀደመው? ዋናው ምክንያት በሰላም ጊዜ ይገኛል። ሰይፍ ወገብ ላይ ይታጠቃል፤ ግብር ሲበላም፣ ችሎት ሲቆምም፣ መንገድ ሲኬድም ከሰው ጋር ይውላል። ጦር ግን አዳራሽ ሲገባ ደጅ ይቀራል። ሰይፍ ውድ ስለሆነ የባለቤቱን ማዕረግ ይናገራል፤ አባት ለልጅ ያወርሰዋል። የጦር እንጨት ይሰበራል፣ ይለወጣል፤ ማንም ገበሬ ስንቁን ቋጥሮ ሲከት ይዞት ይመጣል።

የጃፓን ታሪክ ይህን ጎልቶ ያሳያል። የሳሙራይ ቀዳሚ ዝና በፈረስና በቀስት ነበር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የርስ በርስ ጦርነት ደግሞ ረጅም ጦር የያዙ እግረኞች ሜዳውን ሞሉት። በ1588 ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ከገበሬው መሣሪያ አስለቀመ። ከዚያ በኋላ በመጣው ረጅም የሰላም ዘመን ሁለት ሰይፍ መታጠቅ የሳሙራይ መደብ መለያ ሆነ። ሰይፍ የሳሙራይ ምልክት ሆኖ የጸናው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው ማለት ነው።

ጦርነትን በቅርብ የሚያውቁ የጥንት አድማጮች ግን ጦርን አልናቁም። በ«ኢሊያድ» ውስጥ የአኪሌስ ጦር ከፔሊዮን ተራራ ከተቆረጠ ዛፍ የተሠራ ነው። ፓትሮክሎስ የጓደኛውን ትጥቅ ለብሶ ሲወጣ ያንን ጦር ብቻ ትቶት ይሄዳል፤ ከአኪሌስ በቀር ሊያነሣው የሚችል የለምና። የጥንት ስካንዲኔቪያውያን አምላክ ኦዲን መሣሪያው ጉንግኒር የተባለ ጦር ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳዎች ላይም ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ተቀምጦ ዘንዶውን የሚወጋው በጦር ነው። ሠዓሊዎቹ ከፈረስ ላይ ሆኖ ምድር ላይ የተጠመጠመ አውሬ በምን እንደሚገደል አልጠፋቸውም።

የዘመናችን ልብ ወለድ ግን አንድ ሰው ይፈልጋል፤ ዕጣው የተለየ፣ መሣሪያውም የተለየ ሰው። ፊልም ሲጨመርበት ደግሞ ሁለት ተፋላሚዎች ስለታቸውን አጋጥመው ፊት ለፊት እየተያዩ የሚነጋገሩበት ትዕይንት ያስፈልጋል። ጦር ይህን ይከለክላል፤ ያራርቃቸዋልና። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው የሚና ጨዋታ በ2014 በወጣው አምስተኛ እትሙ አስገራሚ ምሳሌ ይሰጠናል። ረጅም ሰይፍ 15 የወርቅ ሳንቲም፣ ጦር 1 የወርቅ ሳንቲም ያወጣል፤ ይህ ከታሪክ ጋር ይስማማል። ነገር ግን በአንድ እጅ ሲያዙ ሰይፉ የበለጠ ይጎዳል፣ ሁለቱም የሚደርሱት እኩል ርቀት ነው። ጨዋታው የጦርን ርካሽነት ትቶለት ርዝመቱን ወሰደበት።

ጦርን የተረዱ ደራሲዎች

የገባቸው ደራሲዎች አሉ። በጆርጅ አር. አር. ማርቲን «ኤ ስቶርም ኦቭ ሶርድስ» (2000) ልዑል ኦቤሪን ማርቴል ተራራ የሚያህለውን ግሬጎር ክሌጌንን በረጅም ጦር ይገጥማል። ቀለል ያለ ትጥቅ ለብሶ ይዞራል፣ ያፈገፍጋል፣ ይወጋል፤ ግዙፉ ሰው ሊደርስበት አይችልም። የሚሞተው ጠላቱ ከወደቀ በኋላ፣ ጦሩ ተሰብሮ፣ ኑዛዜ ለመስማት እጅ በሚያደርስ ርቀት ሲቆም ነው። ትዕይንቱ የሚያሳምነው ድሉም ሞቱም ከአንድ ሕግ ስለሚወጣ ነው። ርቀቱን ሲጠብቅ አሸነፈ፣ ሲጥሰው ተያዘ።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኮሆር ከተማ የሚነገር ታሪክ አለ። ሦስት ሺህ ባለጦር እግረኞች የዶትራኪ ፈረሰኞችን አሥራ ስምንት ጊዜ ይመልሳሉ፤ መጨረሻ ላይ የቀሩት ስድስት መቶ ናቸው። እዚያ የአንድም ሰው ጀግንነት አልተጠቀሰም፤ ጀግናው ረድፉ ነው። ብራንደን ሳንደርሰን በ«ዘ ዌይ ኦቭ ኪንግስ» (2010) ሌላ መንገድ ይሄዳል። አስማታዊ ሰይፎች የመኳንንት ናቸው፤ ካላዲን የተባለው ተራ ሰው ግን ባለጦር ነው፤ ዋና ጭንቀቱም አብረውት የተሰለፉትን በሕይወት ማቆየት ነው። በሮበርት ጆርዳን «ዘ ዊል ኦቭ ታይም» ደግሞ አይኤል የተባሉት የበረሃ ሰዎች አጭር ጦር ይዘው ሰይፍ መንካትን እንደ ነውር ያያሉ። በእነዚህ ሥራዎች ጦር የመደብን፣ የልማድንና የታማኝነትን ታሪክ ይሸከማል።

በአማርኛ ለሚጽፍ

በአማርኛ ምናባዊ ጀብዱ ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ሰው ከዚህ ሁሉ ጥቂት ተግባራዊ ጥያቄዎች ሊወስድ ይችላል። ውጊያው የሚደረገው የት ነው? በጠባብ ደረጃ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ደን ረጅም ጦር ይጠለፋል፤ በአምባ አፋፍ መግቢያ ላይ ግን ሁለት ሦስት ባለጦሮች ብዙ ሰው ማገድ ይችላሉ። ጦሩ ከተወረወረ በኋላ ወርዋሪው ምን ይዞ ይቀራል? ሁለተኛ ጦር፣ ጎራዴ ወይስ የፈረሱን እግር? ጠላት ጫፉን ካለፈ ምን ያደርጋል? እንጨቱን ከመሐል ይይዛል፣ በታችኛው ጫፍ ይመታል፣ ወይስ ጥሎት ጩቤ ይመዛል? ጦሩን ማን ሰጠው? ንጉሡ ካስታጠቀውና ራሱ ከቤቱ ይዞ ከመጣው ዘማች የተለያየ ታሪክ ይወጣል።

ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ግን በግራና በቀኙ ማን እንደቆመ ነው። ሰይፍ የያዘ ጀግና ብቻውን ቆሞ ሊተረክለት ይችላል። ጦር የያዘው ግን ጎረቤቱ ቢሸሽ የሚሞት፣ እሱ ቢሸሽ ጎረቤቱን የሚገድል ሰው ነው። ደራሲው ይህን ከያዘ ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ታሪክ አለው፤ ረድፉ ውስጥ ያሉት ወንድማማቾች ናቸው ወይስ ባለደመኞች፣ ማን ማንን ያምናል፣ ማን ቀድሞ ይፈራል የሚሉት ጥያቄዎች ከስለት ግጭት የበለጠ አንባቢን ይይዛሉ። ልብ ወለድ ጦርን የገፋው ለብቸኛ ጀግና ስለማይመች ከሆነ፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲጸና ወይም አንድ ላይ ሲፈታ ማሳየት የሚፈልግ ደራሲ ግን ከእሱ የተሻለ መሣሪያ አያገኝም።